ናሚቢያን ባዶ ያደረጋት በረሃው ብቻ ነው?

ጥያቄው

ባለፈው እሑድ ልጄ የጂኦግራፊ የቤት ሥራዋን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። የአፍሪካን ካርታ ዘርግተን የየአገሩን ስፋትና የሕዝብ ብዛት መሙላት ጀመርን። ናሚቢያ ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ቆም አልን። ስፋቷ ወደ 825,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው። ሕዝቧ ግን በ2023 ቆጠራ 3 ሚሊዮን ገደማ ብቻ። የኢትዮጵያን ሦስት አራተኛ በሚያህል መሬት ላይ የአዲስ አበባን ሕዝብ የማያህል ሰው ይኖራል ማለት ነው። ከጎኑ ምክንያቱን በአንድ መስመር ጻፉ የሚል ትእዛዝ አለ። እኔም ብዙ ሳላስብ በረሃ ስለሆነ ነው ብለሽ ጻፊ አልኳት። ጻፈች፤ አለፍን።

ማታ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እዚሁ መድረክ ላይ ጥያቄ አድርጌ አቀረብኩት። በረሃው ብቻ ነው ወይስ ሌላም ነገር አለ? የራሴን ግምትም ጨመርኩበት። ጀርመኖች ሲመጡም መሬቱ ከሞላ ጎደል ባዶ የነበረ ይመስለኛል አልኩ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ። ብዙ ያነጋገረችው እሷ ናት።

በአራት ቀን ውስጥ 31 መልስ ተጻፈ። አንዳንዱ ረጅም ነው፤ አንዳንዱ ከአንድ መስመር አያልፍም። ዘግይታችሁ ለመጣችሁ የእያንዳንዱን ፍሬ ነገር በራሴ አነጋገር ላስቀምጥላችሁ። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ የፈረንጆች ነው።

መልሶቹ

መልስ 1። የመጀመሪያው መላሽ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ሰላምታ አስቀድመው፣ ልጄን መርቀው ነው የጀመሩት። አገሪቱን ከላይ እስከ ታች በሦስት ቁራጭ ከፈሏት። ምዕራቡ ከውቅያኖሱ ጋር ተያይዞ የተዘረጋው የናሚብ በረሃ ነው። ምሥራቁ የካላሃሪ አሸዋ ነው። መሃሉ ከፍ ያለ ሜዳና ተራራ ነው፤ ዊንድሁክ ያለችው እዚያ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ ዝናብ የሚጠፋበትን ምክንያት አስረዱ። ቤንጉዌላ የሚባል ቀዝቃዛ የባሕር ውሃ ከደቡብ እየፈሰሰ ዳርቻውን ይታከካል። በላዩ ያለው አየር ስለሚቀዘቅዝ ወደ ላይ አይነሳም። ካልተነሳ ደግሞ ዝናብ የለም። የሚመጣው ጉም ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚፈሱ ወንዞች ድንበር ላይ ብቻ ናቸው፤ በደቡብ ኦሬንጅ፣ በሰሜን ኩኔኔ፣ ኦካቫንጎና ዛምቤዚ። እነ ስዋኮፕና ኩዊሴብ ግን በዝናብ ወቅት ጥቂት ቀን ፈስሰው መልሰው አሸዋ ይሆናሉ። ሰው ውሃን ስለሚከተል ከግማሽ በላዩ ሕዝብ በሰሜኑ ጫፍ ይኖራል ብለው ጨረሱ። ጥርት ያለ መልስ ነበር። ጉዳዩ እዚህ ያበቃል ብዬ ነበር።

መልስ 2 እና 3። አንዱ ናሚቢያ በሕዝብ ብዛት የአፍሪካ የመጨረሻዋ ናት ብሎ ጻፈ። ቀጣዩ አረመው። በቁጥር ከእሷ ያነሱ ብዙ አሉ፣ እነ ሲሸልስንና ኬፕ ቬርድን ማየት ይበቃል። ናሚቢያን የሚለያት ሰውና መሬት ሲካፈሉ ነው። በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር አራት ሰው እንኳ አይደርስም። ከነጻ አገሮች መካከል በዚህ ከእሷ በታች ያሉት እንደ ሞንጎሊያ ያሉ በጣም ጥቂቶች ናቸው።

መልስ 4። ዊንድሁክ ውስጥ ስድስት ዓመት የኖረች ነርስ ናት የጻፈችው። ካነበብኳቸው ሁሉ እጄን የያዘኝ ይህ ነው። ከዊንድሁክ ወደ ባሕሩ ወደ ስዋኮፕሙንድ ሲወረድ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሌሊት ተነስተው ሲነዱ ቆይተው ሊነጋጋ ሲል ጉሙ ውስጥ ገቡ። በረሃ መሃል የመኪናውን መስታወት የሚጠርግ ዋይፐር ማብራት ግድ ሆነባቸው። ግራና ቀኝ ደረቅ ጠጠር ነው፤ መስታወቱ ላይ ግን ውሃ ይወርዳል። የበረሃው ሕይወት የቆመው በዚያ ጉም ነው አለች። አንድ ጥቁር ጥንዚዛ አለ። ጎህ ሲቀድ የአሸዋው ክምር ጫፍ ላይ ወጥቶ አንገቱን ደፍቶ፣ ጀርባውን ወደ ላይ ቀስሮ ይቆማል። ጉሙ ጀርባው ላይ ጠብታ ይሆንና ተንሸራቶ አፉ ይገባል።

ኩዊሴብ ወንዝ ዳር ቶፕናር ከሚባሉት የናማ ወገኖች የናራ ዘር ገዝታም ነበር። ናራ ቅጠል የሌለው እሾሃም ቁጥቋጦ ነው። ሥሩ ወርዶ ወርዶ የከርሰ ምድር ውሃ ይደርሳል። ፍሬው የሰጎን እንቁላል ያህላል። ሥጋው ተቀቅሎ ዘሩ ይለቀማል፣ ከዚያ ይደርቃል። እንደ ዱባ ፍሬ በጥርስ እየፈለቀቁ ይበሉታል። ስሙ ሲጠራ ከፊቱ ምላስን ከላንቃ አላቅቆ ጠቅ የሚያደርግ ድምፅ አለ። የሸጠችላት ሴትዮ ደጋግማ አስጠናቻት፤ እስከ ዛሬ በትክክል ማውጣት አልቻለችም።

መልስ 5 እና 6። አንድ ወጣት በዚያ ምድር የሚኖሩት እነማን ናቸው ብሎ ጠየቀ። ስድስተኛው መላሽ ታሪክ ያጠና ሰው ነው። ግማሽ ያህሉ ኦቫምቦ ናቸው፤ ሰሜን ላይ ማሽላና ዳጉሳ መሳይ እህል እየዘሩ፣ ከብት እያረቡ ይኖራሉ። በስተምሥራቃቸው በኦካቫንጎ ዳር ካቫንጎዎች አሉ። ሄሬሮዎች ኑሯቸውም ክብራቸውም ከብት ነው። ናማና ዳማራ ያንኑ ጠቅታ ያለበት ቋንቋ ይናገራሉ። ሳኖች የምድሪቱ ጥንታዊ ነዋሪዎች ናቸው። ሂምባዎች የሄሬሮ ዘመዶች ሲሆኑ ሴቶቻቸው ቀይ አፈር በቅቤ ለውሰው ገላቸውንና ጸጉራቸውን ይቀባሉ። ሬሆቦት ከተማ ዙሪያ ደግሞ ባስተሮች አሉ። ከኬፕ አካባቢ በ1870 የመጡ ናቸው፤ የኮይ እናቶችና የአውሮፓ አባቶች ልጆች። ከዚያ በኋላ አፍሪካንስና ጀርመንኛ የሚናገሩት ነጮች ይመጣሉ።

ይሄን ከዘረዘረ በኋላ ወደ እኔ ዞረ። ትዊፈልፎንቴን የሚባል ቦታ ድንጋይ ላይ የተቀረጹ ቀጭኔዎች፣ አንበሶችና አውራሪሶች አሉ፤ ሺህ ዓመታትን ያስቆጠሩ ናቸው። መሬቱ ባዶ ነበር ያልከው ከየት አምጥተህ ነው ሲል ጠየቀኝ። ቅኝ ገዢዎች መሬት ሲወስዱ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ አንተም ሳታውቀው ደገምከው አለኝ። አነጋገሩ ጠንከር ያለ ነበር። ደጋግሜ አነበብኩት። ትክክል ነው።

መልስ 7። የራሴ ነው። ተሳስቻለሁ ብዬ ጻፍኩ። ጀርመኖች ታዲያ እንዴት ገቡ ብዬ ጠየቅኩ።

መልስ 8። የውል ነገር የሚያውቅ ሰው መለሰ። ፖርቱጋሎች በ1486 መጥተው ዳርቻው ላይ የድንጋይ መስቀል ተክለው ሄደዋል። ቀጥሎ አራት መቶ ዓመት ገደማ ወደ ውስጥ ገብቶ አገር የያዘ የአውሮፓ መንግሥት አልነበረም። እንግሊዝ በ1878 ዋልቪስ ቤይን ብቻ ያዘች። በ1883 አዶልፍ ሉደሪትዝ የሚባል የብሬመን የትምባሆ ነጋዴ ወኪሉን ላከ። ወኪሉ ከቤታንያው የናማ አለቃ ከዮሴፍ ፍሬደሪክስ ጋር ተዋዋለ። መጀመሪያ በ100 ፓውንድና በ200 ጠመንጃ አንድ የባሕር ወሽመጥ ገዛ። በነሐሴ ደግሞ በ500 ፓውንድና በ60 ጠመንጃ ከኦሬንጅ ወንዝ ጀምሮ ያለውን ረጅም ዳርቻ፣ ወደ ውስጥ 20 ማይል ጠልቆ፣ ወሰደ።

የተንኮሉ ቋጠሮ ማይሉ ነው። አለቃው የሚያውቁት የእንግሊዙን ማይል ነበር፤ አንዱ 1.6 ኪሎ ሜትር ነው። ውሉ ላይ የተጻፈው ግን የጀርመን ጂኦግራፊያዊ ማይል ነው፤ አንዱ 7.4 ኪሎ ሜትር። አለቃው 32 ኪሎ ሜትር የሸጡ መስሏቸው 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደ። ማለትም የሕዝባቸው መሬት አብዛኛው። በሚያዝያ 1884 ቢስማርክ አካባቢው በጀርመን ጥበቃ ሥር ነው ብሎ አወጀ። ነጋዴው በ1886 በኦሬንጅ ወንዝ በኩል ሄዶ ደብዛው ጠፋ፤ በወሽመጡ ያለችው ከተማ ግን እስከ ዛሬ ሉደሪትዝ ተብላ በስሙ ትጠራለች።

ከመልስ 9 እስከ 11። ይህን ያነበበ ሁሉ ሊለው የሚችለውን ዘጠነኛው መላሽ አለ። ይሄማ ውጫሌ ነው! በ1889ኙ ውል አንቀጽ 17 አማርኛው ይቻላቸዋል ሲል ጣልያንኛው ግዴታ አድርጎት ነበር። አንድ ወረቀት፣ ሁለት ትርጉም። አሥረኛዋ መላሽ ተቆጣች። የሰው አገር ታሪክ በተነሳ ቁጥር ወደ ራሳችን መጎተት ልማድ ሆኖብናል አለች። ምኒልክ ዓድዋ ላይ የሚመልሱበት ሠራዊት ነበራቸው፣ ፍሬደሪክስ ምን ነበራቸው? ዘጠነኛው ተመልሶ መጥቶ ሐሳቡ ማነጻጸር እንጂ መኩራራት እንዳልነበር ገለጸ። ተንኮሉ አንድ ዓይነት መሆኑን ማየት ለሁለቱም ሕዝብ ይጠቅማል አለ። እኔ ከሁለቱም ጋር ነኝ። ዘዴው አንድ ነው፤ መጨረሻው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

መልስ 12። አንዲት እናት የልጄን ካርታ ያየች ይመስል፣ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያ እንደ ጣት የተቀሰረው መሬት ምንድን ነው አለች። ስምንተኛው መላሽ ራሱ እዚያው መልሱን ጨመረ። ካፕሪቪ ይባል ነበር፤ ከ2013 ወዲህ የዛምቤዚ ክልል ነው። ርዝመቱ 450 ኪሎ ሜትር ሲሆን ሲጠብ 32 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በሐምሌ 1890 ጀርመንና እንግሊዝ ሲደራደሩ ጀርመን ዛንዚባር ላይ ያላትን ጥያቄ ትታ የሄልጎላንድን ደሴትና ይህን ጣት ተቀበለች። ዛምቤዚን ይዞ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ለመውረድ ነበር ሐሳቡ። ከጣቱ ጫፍ ትንሽ ወረድ ብሎ ግን የቪክቶሪያ ፏፏቴ አለ። መርከብ አያልፍም። እዚያ ይኖሩ የነበሩትን ማንም አልጠየቃቸውም።

መልስ 13። የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ቀስ ብለው ገብተው ውይይቱን ከሥሩ ለወጡት። በ1887 ጣልያኖች ምጽዋ ላይ ለሠራዊታቸው ብለው ከሕንድ ከብት አመጡ። ከከብቶቹ ጋር የደስታ በሽታ ገባ። እኛ ዘንድ የሆነውን ሁላችንም ከአያቶቻችን ሰምተናል። በሬው አለቀ፤ የሚያርስ ጠፋ፤ ክፉ ቀን የምንለው የዚያ ዘመን ረሃብ መጣ። እኛ የማናውቀው የቀረውን መንገዱን ነው አሉ። በሽታው እዚያ አልቆመም። ከመንጋ ወደ መንጋ እየተላለፈ ወደ ደቡብ ወረደ፤ በ1896 ዛምቤዚን ተሻገረ፤ በ1897 ሄሬሮዎች ዘንድ ደረሰ። አሥር ዓመት ሙሉ በእግሩ ተጓዘ።

ለሄሬሮ ከብት ማለት ምግብ፣ ጥሎሽ፣ ርስት፣ የአባት መታሰቢያ ነው። አብዛኛው መንጋ በጥቂት ወራት አለቀ። የሰፋሪዎቹ ከብት በክትባት በተሻለ ተረፈ። ባዶ እጁን የቀረው ሰው ከነጋዴው በዱቤ ወሰደ፤ ዱቤው ሲጠየቅ መሬቱን ሰጠ። ሰባት ዓመት ሳይሞላ የሆነውን ጦርነት ከዚህ ነጥሎ ማየት አይቻልም አሉ። በሽታውን ለመግታት የዚያን ጊዜ የተሰመረው መስመር በኋላ ረጅም አጥር ሆኗል። ዛሬም ቀዩ መስመር ይሉታል፤ ከሰሜኑ ከብትና ሥጋ እንደልብ ወደ ደቡብ አያሻግርም። የደስታ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2011 ነው። አጥሩ ግን አለ።

ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነስቼ ቆምኩ። የእኛ ክፉ ቀንና የእነሱ ክፉ ቀን አንድ መሆኑን እስከዚያች ሌሊት ድረስ አላውቅም ነበር።

መልስ 14። ስድስተኛው መላሽ ተመልሶ ስለ 1904 ጻፈ። በጥር ወር ሄሬሮዎች በአለቃቸው በሳሙኤል ማሃሬሮ መሪነት ተነሱ። ጀርመን ጄኔራል ሎታር ፎን ትሮታን ከብዙ ሺህ ወታደር ጋር ላከች። ነሐሴ 11 ዋተርበርግ ተራራ ሥር ሕዝቡ ከነሴቱ፣ ከነሕፃኑ፣ ከነከብቱ በተሰበሰበበት ውጊያ ሆነ። የተረፈው ወደ ምሥራቅ፣ ውሃ ወደሌለው ወደ ኦማሄኬ በረሃ ሸሸ። ወታደሮቹ የበረሃውን ዳር ዘጉ፤ የውሃ ጉድጓዶቹን ያዙ። ጥቅምት 2 ጄኔራሉ ትእዛዝ አወጣ። በጀርመን ወሰን ውስጥ የተገኘ ሄሬሮ ሁሉ፣ መሣሪያ ያዘም አልያዘም፣ ይገደል፤ ሴቶችና ልጆችም አይጠለሉ የሚል ነው። በረሃ ውስጥ በኋላ የተገኙ ጉድጓዶች ነበሩ፤ ሰው ውሃ ፍለጋ በእጁ የቆፈራቸው።

ትእዛዙ በታኅሣሥ ከበርሊን ተሻረ። ቀጥሎ የመጣው ማጎሪያ ካምፕ ነው። ናማዎችም በዚያው ዓመት ተነስተው ነበር፤ ሽማግሌው መሪያቸው ሄንድሪክ ዊትቦይ በ1905 ውጊያ ላይ ወደቁ። ሉደሪትዝ አጠገብ ሻርክ ደሴት በሚባል ነፋሻ ቋጥኝ ላይ እስረኞቹ በብርድ፣ በረሃብና በጉልበት ሥራ አለቁ። የሟቾች ራስ ቅል ለምርምር እየተባለ ወደ ጀርመን ይላክ ነበር። ቅሉን በጠርሙስ ስባሪ እንዲፍቁ የተገደዱት ሴት እስረኞች ነበሩ። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የሚጠቅሱት ግምት ከ80,000 ገደማ ሄሬሮ 65,000 ያህሉ፣ ከ20,000 ናማ 10,000 ያህሉ አልቀዋል የሚል ነው። ከዚያ የቀሩት መሬታቸው ተወረሰ። ያለ ገዢው ፈቃድ መሬትም ከብትም እንዳይኖራቸው ታገደ። አንገታቸው ላይ የብረት ቁጥር ተንጠለጠለ።

መጨረሻ ላይ ጥያቄዬን ጠቅሶ፣ አሁን አገሪቱ ለምን ሰው አነሳት የሚለውን እንደገና ጠይቅ አለኝ።

ከመልስ 15 እስከ 19። እዚህ ላይ ነገሩ ተካረረ። አንዱ ጦርነት ላይ ሰው ይሞታል፣ ቁጥሩም የተጋነነ ይሆናል አለ። አሥራ ስድስተኛዋ መላሽ ክፉኛ ተቆጣች። ትእዛዙ በጽሑፍ አለ፣ የፈረመበትም በስሙ ፈርሟል፣ የጀርመን መንግሥት ራሱ በግንቦት 2021 የዘር ማጥፋት መሆኑን አምኗል፤ አንተ ከጀርመን በላይ ለጀርመን ትከራከራለህ ወይ አለችው። ሌላው ገብቶ ቢሆንም ባቡርና ያማረ ከተማ ትተውላቸዋል፣ ስዋኮፕሙንድ ዛሬም የጀርመን ዳቦ ይጋገራል አለ። አሥራ ስምንተኛው መላሽ አጭርና ስለታም መልስ ሰጠ። ከሉደሪትዝ የሚነሳውን ሐዲድ የዘረጉት የሻርክ ደሴት እስረኞች ናቸው። እዚያ ሥራ ላይ ከተሰማሩት ከግማሽ በላይ ሞተዋል። አድሚኑ ገብቶ ስድብ የነበረባቸውን ሁለት መስመሮች አነሳ፤ ሁሉም ረጋ ብሎ እንዲጽፍ ለመነ። እኔ አሥራ ስምንተኛውን አመሰግነዋለሁ። ስድብ የለበትም፤ ግን ከዚያ በኋላ ስለ ባቡሩ ያነሳ የለም።

መልስ 20። ነርሷ ተመለሰች። ኦካሃንጃ ከተማ በነሐሴ ወር ሄሬሮዎች አለቆቻቸውን የሚያስቡበትን ቀን አይታለች። ሳሙኤል ማሃሬሮ በስደት በ1923 ሞተው አስከሬናቸው የመጣው ወደዚያች ከተማ ነው። የሴቶቹን ልብስ በዝርዝር ጻፈችልን። ቀሚሱ ከጀርመን ሚስዮናውያን ሚስቶች የተወሰደ ነው፤ ሰፊ፣ እስከ እግር ጥፍር የሚደርስ፣ ከውስጥ ብዙ ድርብ ያለው። የራሱ መሸፈኛ ግን የራሳቸው ነው። ጨርቁ ተጠቅልሎ ግራና ቀኝ ሹል ይወጣለታል። የላም ቀንድ ነው። አንዲት አሮጊት አጠገቧ ቆመው ነበር። ነፋስ ሲመጣ ሁለት እጃቸውን አንስተው ቀንዶቹን ቀጥ ያደርጋሉ፣ ከዚያ እጃቸውን ወደ ጸሎት ይመልሳሉ። ያን ሙቀት በዚያ ሁሉ ጨርቅ ውስጥ ቆመው ነው የዋሉት።

ከመልስ 21 እስከ 23። ወሬው ትንሽ ወጣ አለ። አንዱ በጥር 2024 የናሚቢያ ቡድን ቱኒዝያን 1 ለ 0 ያሸነፈበትን የአፍሪካ ዋንጫ ጨዋታ አነሳ። ሌላዋ በ2019 ዶሃ ላይ በእኩለ ሌሊት በተሮጠው የሴቶች ማራቶን ሄላሊያ ዮሐንስ ነሐስ ማግኘቷን አስታወሰች። ሦስተኛው ስለ ዌልዊቺያ ጻፈ። ዕድሜ ልኳን ሁለት ቅጠል ብቻ የምታወጣ፣ አንዳንዷ ከሺህ ዓመት በላይ የምትኖር የናሚብ ተክል ናት። ቅጠሎቹ ነፋስ እየሰነጠቃቸው ብዙ ይመስላሉ እንጂ ሁለት ናቸው።

መልስ 24። ስለ አልማዙ ነው። በ1908 ዘካርያስ ሌዋላ የሚባል የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ከአሸዋው ላይ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ አንስቶ ለአለቃው ሰጠ። አለቃው ከበረ። ኮልማንስኮፕ የምትባል ከተማ በበረሃው መሃል በቀለች፤ በ1956 የመጨረሻዎቹ ነዋሪዎች ለቀው ወጡ። ዛሬ የቤቶቹ ክፍሎች ውስጥ አሸዋው እስከ በሩ እጀታ ቆሟል። ስለ ሌዋላ ድርሻ የጠየቀ ነበር። አልማዙን አገኘ፤ ሀብቱን ግን ሌላ ወሰደው።

መልስ 25። አንድ ሰው ጀርመን ከሄደች በኋላ ነጻ ወጥተው የለም ወይ አለ። መምህሩ፣ የመልስ 1 ባለቤት፣ በትሕትና አረሙት። በ1915 ጀርመንን አሸንፋ የገባችው ደቡብ አፍሪካ ናት። በ1920 የመንግሥታቱ ማኅበር በሞግዚትነት ሰጣት። ሞግዚቷ ግን ልጁን ልትለቅ አልፈለገችም፤ የአፓርታይድ ሕጓንም አስገባች። በታኅሣሥ 10 ቀን 1959 ዊንድሁክ ውስጥ ጥቁሮችን ከሰፈራቸው አፈናቅሎ ከከተማ ውጪ ለማስፈር የወጣውን ዕቅድ በተቃወሙ ሰዎች ላይ ፖሊስ ተኮሰ። አሥራ አንድ ሰው ሞተ።

መልስ 26። ጡረታ የወጡ የሕግ ሰው ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ እያለ ነው የሚጠራቸው። የኢትዮጵያ ስም እዚህ ታሪክ ውስጥ በእውነት የሚገባበት ቦታ ይህ ነው አሉ። በሰኔ 1960 የነጻ አፍሪካ አገሮች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት እንዲሄድ መከሩ። በኅዳር 1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ለምን እነሱ? መክሰስ የሚችለው የቀድሞው የመንግሥታት ማኅበር አባል የነበረ ነው። ከጥቁር አፍሪካ አገሮች አባል የነበሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ላይቤሪያ ከመነሻው፣ ኢትዮጵያ ከ1923 ጀምሮ። ኢትዮጵያን ራሷን ያላዳነ ማኅበር የሰጣት የአባልነት ወረቀት ለሌላ ሕዝብ ዋለ።

በ1962 ፍርድ ቤቱ 8 ለ 7 ጉዳዩን ላየው እችላለሁ አለ። ክርክሩ ዓመታት ወሰደ። ሐምሌ 18 ቀን 1966 ዳኞቹ 7 ለ 7 እኩል ተከፈሉ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ወሳኝ ድምፃቸውን ሰጡና ክሱ ወደቀ። ምክንያቱ ሁለቱ አገሮች በጉዳዩ የራሳቸው ሕጋዊ ጥቅም የላቸውም የሚል ነው። አፓርታይድ ልክ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን አልነኩትም።

መልስ 27። አንዱ የአባቱን ታሪክ ጻፈ። አባትየው ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ ወጣት ጸሐፊ ነበሩ። ሐምሌ 11 ቀን 1958 በእኛ አቆጣጠር መሆኑ ነው፤ ዝናብ ይዘንባል። ዜናውን በሬዲዮ ሰምተው ሬዲዮውን ዘጉ። በሩ ላይ ወጥተው ዝናቡን እያዩ ቆሙ። እናቱ ማን ሞተ ብለው ደንግጠው እንደጠየቋቸው ለልጆቻቸው ይተርኩላቸው ነበር።

መልስ 28 እና 29። አሥረኛዋ መላሽ እንደገና ተናገረች። የተሸነፈ ክስ ምን ፋይዳ አለው፣ እንኳን ደስ አላችሁ ልንባል ነው ወይ አለች። ጋሼ ሳይቆጡ መለሱላት። ፍርዱ በተሰማ በአርባ ቀን ገደማ፣ ነሐሴ 26 ቀን፣ ኦሙጉሉግዎምባሼ በሚባል ቦታ ለናሚቢያ ነጻነት በሚታገለው ድርጅት በስዋፖ ተዋጊዎችና በደቡብ አፍሪካ ኃይል መካከል የመጀመሪያው ተኩስ ተከፈተ። በጥቅምት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሞግዚትነቱን ሰረዘ። በ1968 ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ የሚለው ስም ቀርቶ ናሚቢያ ተባለ። በ1971 ያው ፍርድ ቤት የደቡብ አፍሪካ እዚያ መቀመጥ ሕገ ወጥ ነው ሲል አስተያየት ሰጠ። ነጻነቱ መጋቢት 21 ቀን 1990 መጣ፤ ዋልቪስ ቤይ በ1994 ተመለሰ። መዝገቡን መክፈት ማሸነፍ አይደለም፤ ግን ሳይከፈት ቢቀር ይህ ሁሉ የሚቆምበት እግር አያገኝም ነበር አሏት። እሷም አመሰገነቻቸው። በዚህ ክር ውስጥ ስትለሰልስ ያየኋት አንዴ ነው።

መልስ 30። የነርሷ የመጨረሻ መልስ ነው። ጀርመን በ2021 ስታምን በ30 ዓመት የሚከፈል 1.1 ቢሊዮን ዩሮ ለልማት ቃል ገብታለች። ብዙ የሄሬሮና የናማ ወገኖች ግን ድርድሩ ላይ አልተቀመጥንም፣ ካሳም አልተባለም ብለው ተቃውመዋል። በግል ይዞታ ሊሸጥ ሊለወጥ ከሚችለው የንግድ እርሻ መሬት 70 በመቶ ያህሉ ዛሬም በነጮች እጅ ነው አለች።

ከዚያ መንገዱን አሳየችን። ከዊንድሁክ ወደ ዋተርበርግ ሲነዳ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ሙሉ በግራም በቀኝም ሽቦ አለ። እንጨት፣ ሽቦ፣ እንጨት፣ ሽቦ። አልፎ አልፎ የተቆለፈ የብረት በርና የአባወራ ስም ያለበት ሰሌዳ። ከአጥሩ ወዲያ ሳር አለ፤ ግራር አለ፤ ሰው የለም። ከአጥሩ ወዲህ፣ በአስፋልቱና በሽቦው መካከል ባለችው ጠባብ ሳር ላይ አንድ እረኛ ሦስት ፍየል ያግዳል። መኪና ሲመጣ ፍየሎቹን ወደ ሽቦው ይገፋቸዋል። አካባቢው በረሃ አይደለም፤ ሳሩ ጉልበት ይደርሳል አለች።

መልስ 31። ይህ የእኔ ነው፤ ትናንት ማታ የጻፍኩት። ደብተሩን መልሼ ከፈትኩ። ልጄ የመምህሩን ጉም፣ የሐኪሙን በሽታ፣ የማይሉን ውል አንድ በአንድ እያስነገረችኝ ሰማች። በረሃ ስለሆነ ነው የሚለውን በላጲስ አጠፋችው። ወረቀቱ ሊቀደድ ደረሰ። ከዚያ መጻፍ ጀመረች፤ ኦማሄኬ እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀችኝ። የተሰጣት ቦታ አንድ መስመር ብቻ ነው። ሞላ። ገጹን ገልብጣ በጀርባው ቀጠለች።